የአክስቴ ልጅ፣ ቁጥር ሃምሳ አራት

በልጅነቴ በዓለም ላይ የምጠላው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ሴሚሲ። ጥላቻዬን ለመደበቅም አልደከምኩም። ቤታችን ሲመጣ አኮርፋለሁ፣ ሲያስቅ አልስቅም፣ ስሙ በጸሎት ሲነሳ "አሜን" የምለው ከንፈሬን ገጥሜ ነው። እሱ ግን ቁመቱ ከበራችን ጉበን የሚተካከል፣ አንገቱና ትከሻው የተጋጠመ ጎረምሳ ስለነበር፣ ከታች የምልክለት ግልምጫ እሱ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቀር ይመስለኛል።

ምክንያቴ አንድ ነው። እናቴ ከእኔ አስበልጣ ትወደው ነበር።

ይህን ሳወራ "ልጅነት ነው፤ ልጅ ሁሉ እንዲህ ይሰማዋል" የሚሉኝ አሉ። አሁን አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማወራው።

ሴሚሲ ኮሌጅ ገብቶ ኳስ በሚጫወትበት ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን የሰርግ ቤት ይመስል ነበር። እናቴ ሎሳ ሳምንቱን ሙሉ አየር ማረፊያ ውስጥ ወለል ስትወለውል ከርማ፣ በዕረፍት ቀኗ ማልዳ ተነስታ የበግ ሥጋ በጎደሬ ቅጠል ትጠቀልላለች፤ የኮኮናት ወተት ታፈስበትና ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። ሽታው ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል።

"እማ፣ አንዷን ልቅመስ?"

"እጅሽን ሰብስቢ! ለሴሚሲ ነው።"

"ሴሚሲ እናት የለውም እንዴ?"

እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። ሁልጊዜ በዚህ ጥያቄ የረታኋት ይመስለኝ ነበር።

ከምንኖርበት፣ ቴክሳስ ውስጥ ካለችው ከዩለስ ከተማ እስከ ኮሌጁ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አባቴ ማካ በአየር ማረፊያው ሻንጣ ሲጭን ይውላል፤ ከሥራው ውጪ የሚወደው ነገር ቢኖር ይህን ጨዋታ ማስረዳት ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ይህን የአሜሪካኖች ጨዋታ ኳስ ይሉታል እንጂ እግር ኳሱን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው።

"ፊት ያሉት ይገፋፋሉ" ይለኛል መሪውን እንደያዘ። "እነሱ በሬ ናቸው። ሴሚሲ ላይንባከር ነው። ከበሬዎቹ ኋላ ቆሞ ያነባል። የዚያኛውን ዓይን ያያል፣ የዚህኛውን እግር ያያል፤ ከዚያ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ኳሱ ራሱ ሳያውቅ እሱ ያውቃል። ሮጦ ዘጭ!"

"ድሮም አያስቀምጥም ነበር" አለች እናቴ አንድ ቀን፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። "ሆድ ውስጥ እያለ ሌሊቱን ሙሉ..."

"ሎሳ!" አላት አባቴ።

ቀይ መብራት የጣሰ መስሎኝ ወደ ፊት አየሁ። መንገዱ ባዶ ነበር።

ስታዲየም ስንደርስ ለተጫዋች ወላጆች የተለየ ቦታ አለ። እዚያ፣ ጥላ ሥር፣ አክስቴ ቶኪሉፔ ይቀመጣሉ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባላቸው ሞተው ሴሚሲን ለብቻቸው ያሳደጉ፣ ወፍራም፣ ሽቶ የማይለያቸው፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት። እኛ የምንቀመጠው ከታች፣ ፀሐዩ ላይ፣ አጥሩ ሥር ነው። "ለምን ላይ አንቀመጥም?" ስል እናቴ "እዚህ በደንብ ይታያል" ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ከዚያ የሚታየው የተቀያሪዎች ጀርባ ነው። እሷ ግን ታየው ነበር። "ግራ ጉልበቱን አሞታል" ትላለች፤ አባቴ "ምንም አልሆነም" ይላታል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሴሚሲ ወጥቶ ግራ ጉልበቱ ላይ በረዶ ሲታሰርለት እናያለን። እኔ ያን ሰሞን ለሁለት ቀን ጆሮዬን አሞኝ፣ ያወቀችው አስተማሪዬ ስትደውልላት ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ወደ ወላጆቻቸው ይመጣሉ። አክስቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው "ልጄ! የእኔ አንበሳ!" እያሉ ሲያለቅሱ፣ እናቴ የምግብ እሽጓን ታቅፋ ራቅ ብላ ትቆማለች። ሲጨርሱ ይመጣል። በሁለት እጁ ይቀበላታል፣ አንገቱን ሰበር ያደርጋል።

"አመሰግናለሁ፣ አክስቴ።"

"ብላ" ትለዋለች። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አትጨምርም። ከዚያ የሁለት ሰዓቱን መንገድ እንመለሳለን፤ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቅናቴን አብሰለስላለሁ።

ስለ አክስቴ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያለ እሱ ቀሪው አይገባም። በእኛ፣ ከፓስፊክ ደሴቶች በመጣን ቶንጋዎች ዘንድ የአባት እህት ከአባት በላይ ናት። ወንድሟ ቤት ገብታ የወደደችውን ብታነሳ "ተይ" የሚላት የለም። አንድ ጊዜ አክስቴ መጥተው ፍሪጃችንን ከፍተው ዘጉ፣ ከፍተው ዘጉና "ይህ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል" አሉ። በማግስቱ ጭኖ የወሰደላቸው አባቴ ራሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወተታችንን በረዶ በሞላ ባልዲ ውስጥ አስቀመጥን። እናቴ አላጉረመረመችም። ለአክስቴ ስታወራ ቀና ብላ አታያቸውም፣ "እርስዎ" ሳትል ቃል አይወጣትም፤ አክስቴ ግን "ሎሳ፣ አንቺ" ነው የሚሏት። ከፍሪጁ በፊት ሌላ ምን እንደወሰዱ ያኔ የነገረኝ አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጸደይ ላይ ሴሚሲ ተመለመለ። ትልልቆቹ ቡድኖች ከየኮሌጁ ተጫዋች የሚመርጡበት ቀን ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ በአዳራሹ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ ሁለት ቀን ጠበቀ። በአራተኛው ዙር፣ ከሰሜን በኩል፣ በረዶ ከማያጣው ከተማ ያለ ቡድን ስሙን ጠራ። ስሙን አበላሽተው ነው የጠሩት፤ ማንም ግድ አልሰጠውም፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ተነስተው ጨፈሩ። እናቴ ብቻ ወደ ጓዳ ገብታ ሰሃን ታጥብ ጀመር። የታጠቡትን ሰሃኖች ነበር የምታጥበው።

እስኪ አሁን ፍረዱኝ። የሚቀጥለው እሑድ የልጆች እሑድ ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ በግንቦት ወር መጀመሪያ፣ ልጆች አዲስ ነጭ ልብስ ለብሰን በቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመን የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል በቃላችን እንላለን። በዓመት ውስጥ የእኔ የምለው ቀን እሱ ነበር። ሃያ ሁለት ቁጥር አጥንቻለሁ፤ ከእኩዮቼ መካከል ይህን ያህል የያዘ አልነበረም። ቄሱ ግን "ድርብ ደስታ ነው፤ የሴሚሲንም ምስጋና አብረን እናድርገው" አሉ። ድርብ ደስታ! የማን ደስታ እንደሚውጥ ታወቀኝ።

ተራዬ ደርሶ ቆምኩ። እናቴ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበረች፤ ከንፈሯ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሁሉንም አብራኝ አጥንታለች። አሥራ አንደኛው ቁጥር ላይ የኋላው በር ተከፈተና ሴሚሲ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ወገቡ ላይ የክብር ልብሳችን የሆነውን ሰሌን ታጥቆ ገባ። አርፍዶ ነው። የሰው ራስ ሁሉ ዞረ። የእናቴም ዞረ። የዞረው ሁሉ ሲመለስ የእሷ አልተመለሰም።

አሥራ ሁለተኛው ጠፋኝ። ብፈልግ ብፈልግ የለም። አንዲት አሮጊት ከኋላ "አይዞሽ የእኔ ልጅ" አሉኝ፤ ያኔ ነው የባሰው፤ ነጭ ቀሚሴን እንደለበስኩ እየተንሰቀሰቅኩ ወርጄ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ግብዣው ነው። አዳራሹ ውስጥ አሳማው ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ጎደሬው ተከምሮ፣ ሰው ወለሉ ላይ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ነበር። አክስቴ ከሁሉ በላይ፣ ተደራርቦ በተነጠፈ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ስጦታ ይቀበላሉ። ሽማግሌው የአበባ ጉንጉን ሰጡኝና "ፉሲ፣ ወንድምሽን አስጊጪው" አሉኝ። በእኛ ዘንድ የአክስት ልጅም ወንድም ነው የሚባለው። ጉንጉኑን ይዤ ወደ እሱ ስራመድ እናቴን አየኋት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እሱን ታያለች። እኔ አሥራ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ስንሰቀሰቅ ያላነባች ሴት!

ጉንጉኑን መሬት ላይ ጣልኩት።

"ከእኔ አስበልጠሽ የምትወጂው ከሆነ" አልኩ፤ ጮኼ ነው ያልኩት፤ "ለምን አንቺ አልወለድሽውም?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሁለት መቶ ሰው ያለበት አዳራሽ ጸጥ አለ። የአሳማውን ቆዳ የሚቆርጠው ሰውዬ ቢላዋውን አስቀመጠ። አባቴ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሴሚሲ ጎንበስ ብሎ አበቦቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ፤ ሲለቅም ጆሮው ቀልቶ ነበር። ዝም ያሉት በብልግናዬ ደንግጠው መስሎኝ ነበር። ጥፊ ጠበቅኩ። እናቴ ግን ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ እንጂ አልመታችኝም።

በዚያው ከሰዓት አክስቴ ቤታችን መጡ። አልተቀመጡም። እናቴን አልፈው አባቴን አናገሩት።

"ይህቺ ልጅ ከማን ሰማች?"

"ከማንም አልሰማችም፣ እትዬ። ቀንታ ነው።"

"ቀንታ? ሃያ ሁለት ዓመት የደበቅኩትን ቀንታ አወቀችው? ሚስትህ አፏን ብትዘጋ ዓይኗ ያወራል። ሰው ሁሉ ያያታል። ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ባለበት እንዳላያት። ጨዋታ የለም፣ ምግብ የለም፣ ስልክ የለም።"

"እትዬ፣ እባክዎ..."

"ማካ።"

"እሺ" አለ አባቴ።

መስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማሁ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝ ግማሽ ግን ከበቂ በላይ ነበር። አሸንፌያለሁ! ቅዳሜ የእኔ ሆነ፤ እናቴ የእኔ ሆነች። ያን ቀን ነጭ ቀሚሴን ሳላወልቅ ግቢ ውስጥ ዘለልኩ። ዛሬ ያ ዝላይ ትዝ ሲለኝ አንገቴን ወደ ትከሻዬ እሰበስባለሁ።

የሴሚሲን ሥራ ከዚያ በኋላ ያየነው በቴሌቪዥን ነው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ኳስ በእግር ሲመታ ብቻ እየገባ፣ ሜዳውን ሙሉ በርሮ ከሚመጣው ሰው ጋር ይላተም ነበር፤ ይህ የጀማሪዎች ሥራ ነው። በሁለተኛው ዓመት ቋሚ ተሰላፊው ሲጎዳ ቦታውን ያዘ፣ አልለቀቀም። በአንድ ዓመት ከመቶ ሰው በላይ ጣለ። ዩለስ ውስጥ የእሱን ቁጥር ሃምሳ አራት ያልለበሰ ልጅ ጠፋ፤ የመዘምራኑ ልጆች ሳይቀሩ ከነጭ ልብሳቸው ሥር ማሊያውን ይለብሱ ነበር። እኔ ከነገሩ ሁሉ እልኸኛ ሆኜ ጨዋታውን ተማርኩ። የተማርኩት ሲሳሳት ለማወቅ ነው። የሚጥለው ሰው ሲያመልጠው "አመለጠው!" ብዬ ማንም ሳይጠይቀኝ አሳውቃለሁ።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ ዓይኗ ግን ከስክሪኑ አይነሳም፤ እሱ ሲወድቅ ጣቶቿ ፀጉሬን ይጎትቱታል። ቅዳሜ ማለዳ መነሳት ትታለች። ምድጃው ቅዳሜ ቅዳሜ ቀዝቃዛ ሆነ። ሰውነቷ አጠገቤ ነበር፤ ልቧ ያለበትን ከተማ ግን ስሙን አውቀዋለሁ፣ በረዶ የማያጣው ነው። እንዲህ አድርጎም ከሩቅ ሆኖ ይነጥቀኛል ብዬ ይበልጥ ጠላሁት።

በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጨዋታ እያየን ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሴሚሲ አንዱን ጥሎ ተነሳ፤ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። አስተላላፊው "ትንሽ ትንፋሽ አጥሮታል" ብሎ ሳቀ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደገመው። ያው መዳፍ፣ ያው ደረት።

የእናቴ ጣቶች ፀጉሬ ውስጥ ቆሙ።

"ማካ፣ አየኸው?"

"ደክሞት ነው።"

"ፒታም እንዲህ ነበር ያደረገው። ሞሴሴም እንዲህ ነበር ያደረገው።"

ስማቸውን አውቃለሁ፤ እናቴ ልጅ ሳለች የሞቱ፣ ግድግዳችን ላይ ፎቷቸው ያለ ታላላቅ ወንድሞቿ ናቸው። አንዱ በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ አንዱ በሃያ ስድስት፣ ሁለቱም በደሴታቸው ኳስ ሜዳ ላይ ነው የወደቁት። እነሱ ከሴሚሲ ጋር ምን አገናኛቸው? የእናቴን ወንድሞች ከአክስቴ ልጅ ጋር ደም አያገናኛቸውም። "እብድ ሆናለች" ብዬ አሰብኩ፤ "ለእሱ ስትል እብድ ሆናለች።"

ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ስትወጣ ወገቧን በትልቁ ሰሌን ታጥቃ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ወይም አለቃ ፊት ሲቀርቡ የሚታጠቁትን። አባቴ "ሎሳ፣ ከልክለውሻል እኮ" አላት። እሷ ግን ወጣች። ተከተልኳት፤ ልትዋረድ መሆኑን አውቄ፣ ውርደቷን ለማየት ፈልጌ ነው የተከተልኳት። ይህንንም አልደብቅም።

አክስቴ ሦስት መንገድ አልፎ ነው የሚኖሩት። በሩ ክፍት ነበር። ለብቻቸው፣ ቁጥር ሃምሳ አራትን ለብሰው፣ ያንኑ ጨዋታ ያያሉ። እናቴ ደፉ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ኋላዋ ቆምኩ።

"ምን አመጣሽ?"

"ላየው አልመጣሁም። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። ለሐኪሞቹ ብቻ ይንገሩልኝ። ደረቱን ይዟል። ሁለቴ።"

አክስቴ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሱም፤ ግን አይተው እንደነበር ፊታቸው ያስታውቃል። "ልቡን መርምረውታል" አሉ ቀስ ብለው። "ወፈር ያለ ነው አሉ። ስፖርተኛ ልቡ ይወፍራል፤ በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ከሌለ ችግር የለም አሉ። ደውሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት።"

"የለም አሉት?"

"ከእኔ ወገን የሞተ የለም!"

"ከእኔ ወገን ሁለት አሉ።"

"አንቺ እሱ ላይ ወገን የለሽም። ሰጥተሽኛል። በሦስት ወሩ ሰጥተሽኛል፤ ጡትሽን አስረሽ ሰጥተሽኛል። ዛሬ ልትወስጂው ነው?"

ቴሌቪዥኑ ላይ ሴሚሲ እንደገና ቆመ። በዚህ ጊዜ መዳፉ ደረቱ ላይ ብቻ አልቀረም፤ አንድ ጉልበቱ ሣሩን ነካ።

እናቴ ከወለሉ ተነሳች። አክስቴን ቁልቁል አይታ ስትናገር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

"ቶኪሉፔ" አለች። "ያንቺው ይሁን። ዕድሜ ልኩን ያንቺ ይሁን። ስልኩን አንሺ።"

ቡድኑ ለተጫዋቾች እናቶች የሰጠው የድንገተኛ ጊዜ ቁጥር ነበር፤ አክስቴ በትልቅ ፊደል ጽፈው ከግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። ደወሉ። እጃቸው ሁለቴ ሳተ።

"ሃሎ፣ የቁጥር ሃምሳ አራት እናት ነኝ" አሉ፤ ለምደውታል። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴት "ሃሎ? ሃሎ?" ስትል ይሰማኛል። "አይደለሁም" አሉ አክስቴ። "አክስቱ ነኝ። እናቱ እዚህ አለች። የምትነግራችሁ አላት፤ አሁኑኑ ለሐኪሙ ንገሩት።" ስልኩን ለእናቴ ዘርግተው ሰጡና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

የእናቴ እንግሊዝኛ ከወለል ማጽጃ ዕቃዎች ስም ብዙም አያልፍም ነበር። "እኔ እናቱ ነኝ" አለች። ሌላ ከመናገሯ በፊት ደገመችው፤ "እናቱ ነኝ። ሁለት ወንድሞቼ በዚህ ሞተዋል።"

ከዚያ በቴሌቪዥን አየነው። ኮፍያ ያደረገ ሰው ሮጦ ወደ ሐኪሙ ሄደ። ሐኪሙ ሴሚሲን ጠራው። ሴሚሲ ራሱን ነቀነቀ፣ ተከራከረ፣ ወደ ሜዳው ጠቆመ። ሐኪሙ በጆሮው አንድ ነገር አለው። ሴሚሲ መከራከሩን አቆመ። ሄልሜቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ልቡ የእናቴ ወንድሞች ልብ ነበር፤ አንድ ሳምንት ሳይሞላ አረጋገጡት።

እኔስ? ደፉ ላይ ቆሜ ዓመታቱን እቆጥር ነበር። እኔ ከመወለዴ አሥራ ሦስት ዓመት በፊት። እናቴና አባቴ አንድ ልጃቸውን ሰጥተው አሥራ ሦስት ዓመት ባዶ ቤት ተቀምጠው፣ ከዚያ እኔ። ቅናቴ ያን ቀን የሞተ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ሥር ሰደደ። እስከዚያ ድረስ የሰው ልጅ ነው የሚነጥቀኝ ብዬ ነበር። አሁን መብት ያለው ሆነ፤ እንዲያውም ቀድሞኝ የመጣ።

ጥር ላይ ቤታችን መጣ። አክስቴ ራሳቸው መኪና ነድተው አደረሱት፤ እሳቸው ግን ከመኪናው አልወረዱም። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሥራው አልቋል። በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ደረጃው ላይ። እንደ ወጋችን ወንድም እህቱን ፊት ለፊት እያየ አያወራም፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ነው የተናገረው።

"የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያልሽውን..."

"ልጅ ነበርኩ" አልኩት ቶሎ ብዬ።

"ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። አንድ ሰው ሰክሮ ነግሮኛል። ለማንም አልተናገርኩም፤ እማዬ ቶኪሉፔ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። እቀናብሽ ነበር፣ ፉሲ።"

ሳቄ አመለጠኝ። "በእኔ? በምኔ?"

"ትቆጣሽ ነበር። አጥሩ ሥር፣ 'ቁጭ በይ፣ አፍንጫሽን ጥረጊ፣ ጫማሽን እሰሪ' ስትልሽ ሜዳው ድረስ ይሰማኝ ነበር። እኔን አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። 'ብላ' ብቻ። የሰው ልጅ አይቆጡትማ።"

ይህን ሲለኝ አባቴ በጭነት መኪናው ደረሰ። ለእሑድ ግብዣ አንድ ጆንያ ጎደሬ ጭኖ ነበር። ሴሚሲ ጭነት ሲያይ መቀመጥ አያውቅም፤ ሳናየው ወርዶ ጆንያውን በአንድ እጁ ጎትቶ ትከሻው ላይ ጣለው። ሐኪሞቹ ከውሃ ጀሪካን የከበደ እንዳታነሳ ብለውታል።

የወጥ ቤቱ በር በርግዶ ተከፈተ።

"አንተ!" አለች እናቴ። "አስቀምጥ! አስቀምጥ ብዬሃለሁ!"

"ቀላል ነው እኮ፣ አክ..."

"ዝም በል! ቀላል ይለኛል ደግሞ! ሐኪሙ ምን አለህ? ጆሮ የለህም? ይህን የሚያህል ሰውዬ ሆነህ ማሰብ አትችልም? ልትገድለኝ ነው? ሁለተኛ እንዲህ ስታደርግ ባይህ፣ በዚህ ማማሰያ ነው የምልህ! ቁም ደግሞ! ጫማህን ጭቃ አድርገህ ወደ ቤት እንዳትገባ!"

መቶ አሥር ኪሎ የሚመዝን፣ አገር ያንቀጠቀጠ ሰው ጆንያውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። እጆቹን ጎንና ጎን አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከላይ እስከ ታች ስድቡን ጠጣ። ፊቱ እንባ በእንባ ሆኖ ይስቅ ነበር።

"እሺ፣ እማ" አለ።

እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀረች። አባቴ ወደ መኪናው ሞተር ዞሮ ያልተበላሸ ነገር ያይ ጀመር።

እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሰው ነኝና ትንሽ ደስ ብሎኛልም። ግን ያ ቁጣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በዓለም ላይ የእኔ ብቻ ነበር፤ የእኔ መሆኑን እንኳ ያወቅኩት ገና አሁን፣ ከተወሰደብኝ በኋላ ነው። ወርጄ ወደ ጆንያው ሄድኩ። በሁለት እጄ አቅፌ ወገቤ እስኪንቋቋ አነሳሁት፤ እናቴ እንድትሰማኝም ጮክ ብዬ አቃሰትኩ።